ባለሁለት በሯ እና ስምንቱ ዙር

እናንተዬ፣ ሰው አርባ ዓመት ሲያልፈው አንድ የሆነ ነገር ይነካዋል። አንዳንዱ ፀጉሩን ጥቁር ይቀባል፤ አንዳንዱ የድሮ ፍቅረኛውን ስልክ ያፈላልጋል። እኔ ባለሁለት በር ስፖርት መኪና ገዛሁ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። ባለቤቴ ራህማን ብትጠይቋት ግን የፀጉር ቀለሙን ትመርጥ ነበር።

የመኪናዋን ስም አልናገርም። የሠሯት ሰዎች ምንም አልበደሉኝም፤ እሷን የበደልናት እኔና የድሬዳዋ ፀሐይ ነን። ዕድሜዋ ከእኔ ትዳር ይበልጣል። ቀለሟ ድሮ ቀይ ነበር ይባላል። ቁመቷ ወገቤ ጋ ነው፤ ከውስጧ ለመውጣት መጀመሪያ እጄን አወጣለሁ፣ ከዚያ ጎረቤት መጥቶ ይስበኛል። ሳቢያን ሰፈራችን ይዣት የገባሁ ቀን አንዱ ጎረቤቴ ዞር ዞር ብሎ አያትና «ማሻአላህ፤ የቀረው ግማሽ መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ።

ይሳቁ። እኔ ከሳቢያን እስከ ከዚራ ሰፈር ሚኒባስ ስነዳ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው «ሂድ» ሲለኝ ሄጄ፣ «ወራጅ አለ» ሲለኝ ቆሜያለሁ። ወንበሩ አሥራ ሁለት፣ የሚጫነው እግዜር ይወቀው። ለራሴ ብዬ፣ ማንም «እዚህ ጋ አቁም» የማይለኝ፣ የእኔ ብቻ የሆነች ነገር ብትኖር እሷ ናት። እወዳታለሁ አቦ፤ ምን አለበት?

አሁን አንድ ምክር ልስጣችሁ። ርካሽ ስፖርት መኪና ማለት መግዣዋ ርካሽ የሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሻጩ አይነግራችሁም። የፍሬን ሸራዋ ድሬ ላይ ስለማይገኝ የሌላ መኪና ሸራ በሞረድ እየተሞረደ ይገጠምላታል። ቺንጋዋ ከወፍጮ ቤት የመጣ ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ዱቄት ይሸታል። የግራ መስኮቷ የሚወርደው የቀኙ በር ሲከፈት ነው። ለምን እንደሆነ መካኒኩም አያውቅም፤ «ደስ ካላት ተዋት» ነው ያለኝ።

መካኒኩ ሙሴ ተፈራ ይባላል። ከድሮው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጣ ሰውዬ ነው፤ ብሎን እምቢ ሲለው በፈረንሳይኛ ስለሚሳደብ «ሙሴ»፣ በእነሱ ቋንቋ «አቶ»፣ አልነው። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ግን አንቱ ብትሉት ይቀየማችኋል፤ ድሬ ነው። ሙሴ ተፈራ ማንኛውንም መኪና ባቡር አድርጎ ነው የሚያየው። የእኔን መጀመሪያ ቀን ኮፈኗን ከፍቶ አያትና «ፉርጎዎቹስ?» አለኝ።

ችግሩ የጀመረው በሠርግ ነው። የራህማ የአጎት ልጅ ስትዳር፣ ራህማ እጅና እግሯን ሂና ተቀብታ፣ አዲስ ድሪያዋን ለብሳ፣ እንደ ምንም ታጥፋ ከጎኔ ገባች። ደቻቱ ጋ ስንደርስ መኪናዋ ቀጥ አለች። በዚያ ሙቀት፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ራህማ ሂናዋ ሳይደርቅ ወርዳ ገፋች። የእጇ አበባ እንዳለ የመኪናዋ ኋላ ላይ ታተመ። ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ሚስቴን አውቃታለሁ፤ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ የምትጮኸው ሲቀልዱባት ነው፤ የምር ስትናደድ ዝም ነው የምትለው። ሦስት ቀን ዝም አለች።

በአራተኛው ቀን ዩሱፍን ይዛ መጣች። ዩሱፍ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፤ አብሮ አደጌም ነው። መኪናዬን ከገዛኋት ቀን ጀምሮ ሲዞራት ነው የከረመው፤ ሊነዳት እንዳይመስላችሁ፤ ፈታቶ ሊሸጣት ነው። አርዶ በብልት፣ በሩን ለአንዱ፣ መሪውን ለሌላው!

«ወሪያ፣ አትሳቀቅ» አለኝ ዩሱፍ ፈገግ ብሎ፤ «እኔ ጋ ስትመጣ አታምማትም።»

ይኸው ዩሱፍ በዓመት አንዴ ሁለቴ «ዙር» የሚባል ነገር ያዘጋጃል። ወደ ሐርላ ሲሄዱ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ሰፈር አለ። ሰፈር ስላችሁ መንገዱን ነው፤ አስፋልቱ ተነጥፎ፣ ጠርዙ ተቀብቶ፣ ቤቱ ብቻ ሳይሠራ ቀርቷል። እዚያ ላይ መኪና ያለው ሁሉ የየራሱን እያመጣ እንደ ልቡ ይነዳል። ዩሱፍ «ውድድር አይደለም፣ ማንም ማንንም አይቀድምም» ይላል፤ ግን ማን ማንን እንደቀደመ እስከሚቀጥለው ዙር ጫት በርጫ ላይ ይወራል።

ራህማ ፍርዷን ሰጠች። «ስምንት ዙር ትዞራለህ። ስምንቱን ጨርሳ፣ ሳትገፋ፣ ሳትጎተት ሳቢያን ቤታችን ከገባች፣ ሁለተኛ ስሟን በክፉ አላነሳም። ከተገፋች ወይ ከተጎተተች የዩሱፍ ናት። ዳኛዋም እኔ ነኝ፤ ከጎንህ እቀመጣለሁ።»

እኔም ጀግና ነኝና «ሀዬ፣ እሺ!» አልኩ። ማታውን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በነጋታው ሙሴ ተፈራ ዘንድ ሮጥኩ። ሙሴ ጉዳዩን ሰማ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ከራዲያተሩ ቱቦ ሥር አንዲት ከሣንቲም ከፍ የምትል ነገር ፈታና አወጣ።

«ይኼ ቴርሞስታት ይባላል» አለኝ። «ውሃው እስኪሞቅ ድረስ አላሳልፍም የሚል በር ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ እስኪሞቅ የሚጠብቅ ማነው?»

እውነቱን ነው! እዚህ አገር ያለ መካኒክ ሁሉ ይቺን ነገር ያወጣታል። የእኔም ሚኒባስ የላትም። ማንም ያልነገረን፣ ከተማ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚሄድ መኪና የሚሆነው ነገር ሞተሩን አስጩሆ ለሚዞር እንደማይሆን ነው። ውሃው የሚገታው ሲያጣ ይሮጣል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ገብቶ ትንፋሽ ሳይሰበስብ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ይኼን ያወቅነው ቆይተን ነው። ያን ቀን ግን ሙሴን አቅፌ ሳምኩት።

«ከሞቀችብህ» አለኝ ስወጣ፣ «ሂተሩን እስከ ጥግ ክፈት። የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ይስብልሃል። ትንሽ ነው የሚሞቅህ።»

እሑድ ጠዋት ደረሰ። ዩሱፍ «ፀሐይ ሳትከር ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት እንጀምራለን» ብሎ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔና ራህማ ደረስን። ሁለት ሰዓት ላይ ዩሱፍ ደረሰ። ሌሎቹ ሦስት መኪኖች ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ፤ አንዱ ቁርስ ይዞ ነው የመጣው፤ እሱ እስኪበላ ተጠበቀ። አንድ ባጃጅ ነጂም ተመዘገበ። «ባጃጅ ስፖርት አይደለም ያለው ማነው?» ብሎ ሲሟገት መልስ የሚሰጠው ጠፋ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አስፋልቱ እንቁላል ሲጠብስ፣ ዩሱፍ የለበሰውን ባለአራት ማዕዘን ቼክ ሽርጥ ፈትቶ ባንዲራ አደረገው። ሥሩ ቁምጣ ነበረው፤ አልሐምዱሊላህ።

ከመነሳታችን በፊት አንዱ ተወዳዳሪ ራዲያተሬ ደረቀ ብሎ ውሃ ጠየቀኝ። ሁለት ጀሪካን ይዤ ነበር፤ አንዱን ሰጠሁት። ድሬ ውስጥ ውሃ የተጠየቀ ሰው የለኝም አይልም፤ ጠላቱም ቢሆን። ሁለተኛውን የተመልካች ሕፃናት ጠጡት። ራህማ እያየች ጣልቃ አልገባችም፤ ዳኛ ናታ።

ሽርጡ ወረደ፣ ሄድን!

ወይኔ እናንተ! ምን ብዬ ልንገራችሁ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሁለተኛ ማርሽ የኖረ ሰው አራተኛ ሲያስገባ ምን እንደሚሰማው! መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ማርሚታው ያገሳል፣ የመጀመሪያውን ኩርባ አጠፍኩት። ጮህኩ። በደስታ ነው የጮህኩት፣ እንደ ሕፃን።

«ለማን ነው ፍሬቻ የምታበራው?» አለችኝ ራህማ። «ለፍየሎቹ?»

ለካ ኩርባ በደረስኩ ቁጥር ፍሬቻ አበራለሁ። የእንጀራ ልማድ! ሁለተኛው ዙር ላይ አንዱን መኪና ልቀድም ስል ጥሩምባ ነፍቼ «ይቅርታ ወንድም» በሚል እጄን አወጣሁለት፤ እሱም እጁን አውጥቶ አሳለፈኝ። «ጨዋታ ነው ወይስ ለቅሶ ቤት ነው የምንሄደው?» አለች ራህማ። ቢሆንም ቀደምኩ!

ሦስተኛው ዙር ላይ የሙቀት ጌጁ መውጣት ጀመረ። የሙሴን ምክር አስታውሼ ሂተሩን እስከ ጥግ ከፈትኩት። አቦ፣ ውጪው ድሬዳዋ፣ ውስጡ ሂተር! ከዳሽቦርዱ የወጣው ንፋስ የራህማን ሻሽ ወደ ኋላ ወሰደው።

«ምንድነው ይኼ?» አለች።

«ማቀዝቀዣ ነው።»

«ለማን?»

«ለሞተሩ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ላቡ ከቅንድቧ ይንጠባጠባል። የዚያን ጊዜ አለቀልኝ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ፊት አየችና ባጃጁ ከፊታችን ኩርባውን ሲያጥፍ ስታይ የሆነ ነገር ገባባት። «በባጃጅ ነው የምንቀደመው?» አለች። «በውስጥ በኩል እለፈው! በውስጥ በኩል ነው የምልህ!» በውስጥ በኩል አለፍኩት። ራህማ ዳሽቦርዱን በጥፊ መታችው። ዳኛ እንዲህ ያደርጋል?

አሁን የማይሆን ነገር ልነግራችሁ ነው። አምስተኛው ዙር ላይ፣ ግራሩ ሥር፣ አንዲት እናት ጀሪካን አጠገባቸው አስቀምጠው ቆመዋል። እጃቸውን አነሱ።

ለምን ቆምክ እንዳትሉኝ፤ እግሬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እጅ ሲነሳ ካየ ፍሬን ይይዛል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው የኖረው። ጎማው ጮኸ፣ መኪናዋ ፊታቸው ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ባጃጁ በጥሩምባ እየሸኘን አለፈ።

«ወሪያ፣ ወደ ድሬ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ግቢ ኤዶ» አለ አፌ። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት ነው፤ የእናት ያህል ሴት እንዲህ ነው የምንላት። ራህማ አፏን ከፍታ አየችኝ። ግን ትልቅ ሴት ፀሐይ ላይ ቆመው ትታ የምትሄድ ሴት አይደለችም፤ ወረደች፣ ወንበሯን አጠፈች፣ ኤዶንና ጀሪካናቸውን ከኋላ አስገባች። ስማቸው ሐሊማ ነው፤ ከተማ የግመል ወተት ሊሸጡ ነው። ሁሉ ነገር በግማሽ ደቂቃ አለቀ፤ በሥራዬ ፈጣን ነኝ።

መሀል መንገድ ላይ አላወርዳቸው፤ ዙሩን ልጨርስና አደርሳቸዋለሁ ብዬ ነዳሁ። ይኼን ለእሳቸው መንገሩ ግን ትዝም አላለኝ። ኤዶ ሐሊማ በር ላይ ያለውን መያዣ ጨብጠው «ማሻአላህ፣ ፈጣን ታክሲ!» እያሉ ተደሰቱ። ስድስተኛው ዙር ላይ ግራሩ ሥር ስንደርስ ዞር ብለው አዩት።

«ሹፌር» አሉኝ ቆይተው፣ «ይቺን ግራር አሁን አላለፍናትም?»

«አልፈናታል ኤዶ።»

«ሀዬ» አሉ። ሰባተኛው ዙር ላይ ግራሩ ደግሞ መጣ። «ወራጅ አለ!» ብለው ጮኹ። እግሬ ተነሳ። «እንዳትነካ!» አለች ራህማ ጉልበቴን ይዛ፤ «ፍሬን ብትነካ እገድልሃለሁ!»

ፍሬኑን ሳልነካ መኪናዋ ራሷ ቆመች።

ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። ጌጁ መጨረሻው ጋ ተጣብቋል። ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ፤ ራዲያተሩ ደርቋል። ጀሪካኖቼን አየሁ፤ ባዶ። አንድ ዙር ነው የቀረን! አንድ! ዩሱፍ በቁምጣው እየሮጠ መጣ።

«ውሃ አለህ?» አልኩት።

«ውሃ አልቋል ወላሂ» አለኝ። ከጀርባው ያለውን አወጣ። «ገመድ ግን አለ።»

አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስኩ። እንፋሎቱ ነው ብዬ ነበር የዋሸሁት፤ እንፋሎቱ አልነበረም። ዩሱፍ መኪናዬን እየዞረ በሯን በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ ዋጋ እየገመተ ነው። መወሰዷ ሳይሆን፣ ብልት ብልቷ በየመኪናው ላይ ተገጥሞ ከተማ ውስጥ ሳገኛት ነው የታየኝ።

ራህማ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወደ ኤዶ ሐሊማ ዞራ በሶማሊኛ ወተቱን ጠየቀቻቸው፤ የቀፊራ ነጋዴ ሁሉንም ቋንቋ ይችላል። ኤዶ ጀሪካናቸውን ያዝ አድርገው አሰቡ።

«የላም ቢሆን እምቢ ባልኩ» አሉ በአማርኛ፣ ሁላችንም እንድንሰማ። «የላም ወተት ቱቦ ውስጥ ይረጋል። የግመል አይረጋም። እንደ ውሃ ነው፣ ውሰጂ።»

«ሁሉንም ገዝቼዋለሁ» አለች ራህማ።

ዩሱፍ ሳቀ። እኔ ተነስቼ «ራህማ፣ ሞተር ነው፣ ወተት...» ስል ሻሿን አጣጥፋ፣ የራዲያተሩን ክዳን በሻሹ ይዛ ቀስ ብላ ፈታችና ለቅቃው ዘወር አለች። ፊሽ ብሎ ተነፈሰ። ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ሞተሩን አስነሳ አለችኝና ወተቱን ቀስ እያደረገች አፈሰሰች፤ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ። ከሚስቴ ጋር ሃያ ዓመት ኖሬ እንደዚያ ቀን አልወደድኳትም።

ስምንተኛውን ዙር እንዴት እንደዞርን አልጠየቃችሁኝ እንጂ! ሂተሩ አሁን የሚነፋው ትኩስ የግመል ወተት ሽታ ነው። ራህማ «ዳር ያዝ! ልቀቅ! አሁን ጋዝ!» ትላለች፤ ኤዶ ሐሊማ ከኋላ እልል ይላሉ፤ እኔ እስቃለሁ፤ ላቤና እንባዬ ተቀላቅሏል። ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ አረፋ ወጥቶ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፤ ዋይፐር አበራሁ። ግራሯን አለፍናት፤ ኤዶ ራሳቸው «ደህና ሁኚ!» አሏት። ባጃጁ ከፊታችን ነበር፤ መጨረሻው ቀጥታ ላይ ጎን ለጎን ሆንን፣ በአንድ አፍንጫ ቀደምነው። ነጂው አፍንጫችን ረዥም ስለሆነ ነው ቢልም ቀደምነው።

ዩሱፍ ሽርጡን ማውለብለብ ነበረበት፤ ወገቡ ላይ አስሮት ቆሟል። «ወተት ሕግ ውስጥ የለም» አለ።

«ሕጉ መግፋትና መጎተት ነው የሚለው» አለች ራህማ ከመስኮት ወጥታ። «ገፋን? ጎተትን? ሽርጥህን ፍታ!»

ፈታው። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ወደ ድሬ ቁልቁል ነው፤ በስሱ፣ ሞተሯን ሳናስጨንቅ ወረድን። ኤዶ ሐሊማን ቀፊራ በር ላይ አወረድናቸው፤ «ሁለተኛ በዚህ ታክሲ አልሄድም፣ ያዞራል» ብለው መርቀው ሄዱ። ከዚያ ሳቢያን! ሳትገፋ፣ ሳትጎተት፣ በራችን ገባች። ጎረቤት ሁሉ ሽታው ምንድነው እያለ ወጣ።

አሁን ማሸነፌ ነው አይደል? አሸነፍኩ። ግን ሻወር ወስጄ፣ አሥር ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ስመለከታት፣ ፊቴ በሂተር ተቃጥሏል፣ የነገው ሥራ ደግሞ ራዲያተር ማጠብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ራህማ ልክ ነበረች አልኩ። ሠርግ ላይ ያስገፋኋትም ትዝ አለኝ፤ አፈርኩ።

«ራህማ» አልኳት፤ «አንቺ አሸንፈሻል። ለዩሱፍ ልስጣት። ከእንግዲህ አላደክምሽም።»

ዝም አለች፤ ያ የምፈራው ዝምታዋ። ተነስታ ወደ መኪናዋ ሄደች፣ በሹፌሩ በር ገባች። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችው፤ መስታወቱን በራሷ ልክ አዞረችው። መሪውን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ቁልፉን ነቅላ ወጣችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ነገ መንዳት ትምህርት ቤት እመዘገባለሁ» አለችኝ። «መንጃ ፈቃድ እስከማወጣ ድረስ ማንም አይነዳትም።»

«እኔም?»

«አንተ ሚኒባስ አለህ።»